የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል፦ ቀስ ብሎ ለሚራመድ ሰው

አዲስ አበባ ውስጥ ከጫጫታ ለመራቅ ወደ ተራራው መውጣት የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቆመው ወደ እንጦጦ ፓርክ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ይህ ፓርክ የሚበላበት፣ ፈረስ የሚጋለብበትና ልጆች የሚቦርቁበት ስፍራ ስላለው ለቤተሰብ መዝናኛነት መመረጡ ተገቢ ነው። ዛፍን በስሙ ለማወቅ፣ ወፍን በትዕግሥት ለመመልከትና በጸጥታ ለመራመድ ለሚሻ ሰው ግን እኔ የማስቀድመው በከተማዋ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ በዚያው የተራራ ሰንሰለት ላይ የሚገኘውን የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ነው።

ማዕከሉን በጋራ ያቋቋሙት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር ሲሆኑ፣ ስፋቱ 705 ሄክታር ያህል ነው። ከመሩት ሰዎች አንዱ የኢትዮጵያን ዕፅዋት በማጥናት የታወቁት ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው። በአገራችን 6,000 ገደማ የሚሆኑ የዕፅዋት ዝርያዎች እንዳሉና ከእነዚህም ከአሥር አንድ የሚሆኑት በሌላ አገር እንደማይገኙ ለሚያስብ ሰው፣ ዋና ከተማዋ እንዲህ ያለ ስፍራ ያስፈልጋት እንደነበር ግልጽ ነው።

ከሁሉ በላይ የማረከኝ በደኑ ውስጥ እየተካሄደ ያለው ለውጥ ነው። ይህ ተራራ ለብዙ ዘመን የባሕር ዛፍ ነበር። በአፄ ምኒልክ ዘመን በከተማዋ ዙሪያ ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ተመናምኖ ሳለ የገባው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ባለችበት እንድትጸና አድርጓታልና ውለታው አይካድም፤ ሆኖም ከሥሩ ሌላ ተክል እንደልቡ አያበቅልም። በማዕከሉ ውስጥ ደግሞ ባሕር ዛፉ በአገር በቀል ዛፎች ደረጃ በደረጃ እንዲተካ እየተደረገ በመሆኑ፣ ጎብኚው ሁለቱን ዓለም በአንድ የእግር መንገድ ላይ ያገኛቸዋል። በባሕር ዛፉ ሥር ሲሄዱ መሬቱ ደረቅ ነው፤ የረገፈው ቅጠልና የተላጠው ልጥ ከእግር በታች ይንኮሻኮሻል። ጥቂት አለፍ ብለው ጽድና ወይራ ወዳለበት ሲገቡ አፈሩ ይለሰልሳል፣ ድንጋዩ ሽበት ለብሶ ይታያል፣ በየጥሻው አጋም፣ ቀጋና አምጃ ተጠላልፈው በቅለዋል። ይህን ልዩነት በእግር ሄዶ ማየት ብዙ ገጽ ከማንበብ የበለጠ ያስተምራል ብዬ አምናለሁ።

ኮሶ ዛፍ ሥር ሳይቆሙ እንዳያልፉ አደራ እላለሁ። የወንዴውና የሴቴው ዛፍ ለየብቻ ሲሆኑ፣ የሴቴው አበባ ቀይ ሆኖ እንደ ወይን ዘለላ ቁልቁል ይንዠረገጋል፤ አያቶቻችን ለኮሶ ትል የጠጡት መራራ መድኃኒት የሚዘጋጀው ከዚሁ አበባ ነው። ጥንጁቱንም ቆርጠው ሳይሆን ጎንበስ ብለው ያሽትቱት። ጋን የሚታጠንበት ቤት ያደገ ሰው ሽታውን ወዲያው ይለየዋል።

የዱር እንስሳትን በተመለከተ፣ ጎብኚው የሚጠብቀውን በልኩ ቢያደርግ መልካም ነው። እዚህ የሚገባው ሰው አንበሳ ለማየት አይደለም። የምኒልክ ድኩላ ግን አለ፤ ወንዱ ጠቆር ያለ፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ ነው፤ ሲደነግጥም እንደ ውሻ ያለ የጩኸት ድምፅ አሰምቶ ወደ ጥሻው ይሰወራል። ጅብና ጃርት በሌሊት ስለሚንቀሳቀሱ በቀን የሚታየው ኮቴያቸውና የቆፈሩት አፈር ነው። ወፎቹ በበኩላቸው ለዓይን የቀረቡ ናቸው። ጉሮሮው ሥር ሥጋ የተንጠለጠለበትና መንቁሩ ቆልመም ያለው ጋጋኖ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋማ ስፍራዎች ውጭ የማይገኝ ሲሆን፣ በጥቅምት አንድ ጠዋት መንጋው ሣሩ ላይ አርፎ መሬቱን በመንቁሩ እየወጋ ትል ሲለቅም ረዘም ላለ ጊዜ ቆሜ ተመልክቻለሁ። ሰው ሲጠጋው በአንድነት እየተንጫጫ ይነሣል። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ትልቁ ቁራም ከዛፎቹ በላይ ሲያንዣብብ ይታያል።

በዚሁ ጠዋት ያሳዘነኝ ነገር ቢኖር ከጎብኚዎች የመጣ ነው። አንድ የወጣቶች ቡድን ስፒከር ይዞ፣ ሙዚቃ ከፍ አድርጎ በእግር መንገዱ ሲያልፍ ወፎቹ በሙሉ ተነሥተው ሄዱ፤ አካባቢውም ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ሙዚቃ የሚሰማበት ቦታ በከተማችን ሞልቷል፤ ወፍ የሚሰማበት ግን በጣት የሚቆጠር ስለሆነ፣ ወደዚህ የሚመጣ ሰው ስፒከሩን ቤቱ እንዲተው አጥብቄ እለምናለሁ።

ለጉብኝት የተሻለው ጊዜ ክረምቱ አልፎ አደይ አበባ ከሚፈነዳበት ከመስከረም ጀምሮ ያሉት ወራት ናቸው፤ ከአውሮፓ ብርድ የሚሸሹ ወፎችም በዚሁ ወቅት ይመጣሉ። በሐምሌና በነሐሴ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፤ ቁልቁለቱም ያዳልጣል። ስፍራው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ በመሆኑ ጠዋት ይበርዳል፤ ስለዚህ ሹራብ፣ ሶሉ የማያዳልጥ ጫማና የመጠጥ ውኃ ይያዝ። ዳገቱ አንዳንድ ቦታ ስለሚጠና እናት ወይም አባት ይዞ የሚመጣ ሰው በታችኛው በኩል ባሉት ለጥ ባሉ መንገዶች ቢወሰንና ለጉብኝቱ ግማሽ ቀን ቢመድብ፣ እነሱም ሳይደክሙ የልጅነታቸውን ዛፎች በስማቸው እየጠሩ ለመመለስ ይችላሉ።