ዝግ ሳጥን ወይስ ቀዳዳ ያለው ሰብውፈር?

ድሬ ታይዋን ገበያ ሰብውፈር (ወፍራሙን የቤዝ ድምፅ የሚያወጣ ስፒከር) ሊገዛ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋቱን ነው። ዋት እጥፍ ቢሆን ግን የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ብቻ ነው። ሲኢኤ 2010 በተባለው አለካክ ከ20 እስከ 63 ኸርዝ ባሉት ወፍራም ድምፆች ደረጃ በደረጃ እየተሞከረ፣ ድምፁ ከልክ በላይ ሳይበላሽ የሚደርስበት ጣሪያ ይመዘገባል። እኔ የማምነው ይህን ቁጥር ነው።

ዝግ፦ ሳጥኑ ትንሽ፣ ለመሥራትም ቀላል። ከበሮው ዱብ ብሎ ወዲያው ይቆማል። ወደ ታች ሲወርድ በየኦክታቩ (ኸርዙ በግማሽ በወረደ ቁጥር) 12 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል።

ቀዳዳ ያለው፦ ቀዳዳው በተቃኘበት ድምፅ አካባቢ በዚያው ዋት ድምፁ ከዝጉ በደንብ ይበልጣል። እጃችሁን ጠጋ ብታደርጉ ነፋሱ ይመታችኋል። ከዚያ በታች ግን በየኦክታቩ በ24 ዴሲቤል ገደማ ይወድቃል፤ ኮኑም (የሚርገበገበው የስፒከሩ ፊት) ያለ ልክ ስለሚወዛወዝ ሊበላሽ ይችላል።

ከዚራ ሰፈር ጠባብ ሳሎን ውስጥ ሙዚቃ ለሚያጣጥም ዝጉ ይሻላል። ሳቢያን ሰፊ ግቢ ለሚደገስ ሠርግ ቀዳዳ ያለው።