ከአባታችን ራስጌ ላልተለየው የሰመመን ባለሙያ

ሰላም የደሴ ልጆች፣ ከኩታበርም ከሐይቅም ታማሚ ይዛችሁ ወደ ደሴ የምትመጡ ሁሉ። ዛሬ የማመሰግነው ደሴ ሆስፒታል ኦፕራሲዮን ክፍል የሚሠራ አንድ የሰመመን ባለሙያ ነው። ስሜን አትጥሪ ስላለኝ አልጠራውም።

አባታችን ዕድሜ ልኩን ከበግና ከውሻ ጋር የኖረ የኩታበር ገበሬ ነው። ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ተገኘበት። ከውሻ በሚተላለፍ ትል የሚመጣ ነው አሉን። ኦፕራሲዮን ተወሰነ። ውጭ ያለው የአክስታችን ልጅ ደግሞ «እዚህ ጉበት ሲቀደድ የታማሚውን ሰውነት የሚያቀዘቅዙበት ጊዜ አለ፤ እዚያስ?» ብሎ ላከልኝ። ሌላ ቦታ ስጠይቅ «አንቺን አይመለከትሽም» ተባልኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ጠዋት እሱን ጠየቅሁት። «አብሽሪ እህቴ፣ ቁጭ በይ» ብሎ እንዲህ አስረዳኝ።

ጉበት በደቂቃ አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ደም ይገባበታል። ከበድ ባለ ቀዶ ጥገና ሐኪሙ ደም እንዳይፈስ የሚገባውን ደም ሥር ቆንጥጦ ይይዛል። ብዙ ጊዜ 15 ደቂቃ ይዞ 5 ደቂቃ ይለቃል። በዚያ መሃል ጉበቱ ኦክስጅን ያጣል፤ ደሙ ሲመለስም ሌላ ጉዳት አለ። ሰውነት አንድ ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር የኦክስጅን ፍላጎቱ ከ6 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል። የሰውነትን ሙቀት ወደ 32–35 ዲግሪ ማውረድ የሚታሰበው ለዚህ ነው። ለንቅለ ተከላ የሚወሰድ ጉበትም በረዶ ውስጥ፣ 4 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀመጣል።

«ብርዱ ግን የራሱ ጣጣ አለው» አለኝ። «ደም ቶሎ አይረጋም፤ ቁስልም ቶሎ ያመረቅዛል። የአባባ ደግሞ ደም ሥር እስከ መያዝ የሚያደርስ አይመስልም። ስለዚህ የእኔ ሥራ እንዳይበርዳቸው መጠበቅ ነው። ከ36 በታች አላወርዳቸውም።»

እንዳለውም አደረገ። ነርሷ እንደነገረችኝ ግሉኮሱን አሙቆ ነው የሰጠው፤ ሙቀቱን እየለካ እስከ መጨረሻው ከራስጌው አልተነሳም። አባታችን ሲወጣ እጁን ያዝኩት። በዚያ በደሴ የሐምሌ ብርድ ሞቅ ያለ ነበር። አለቀስኩ።

ታማሚ ያላችሁ፣ ከኦፕራሲዮን በፊት የሰመመን ባለሙያውን አግኙት። የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ ንገሩት። የፈራችሁትንም ሳታፍሩ ጠይቁ። እሱ ከደረሳችሁ ደግሞ ታድላችኋል።

ወንድሜ፣ አላህ ጀዛህን ይክፈልህ። አባባ ድኖ ቤቱ ገብቷል። «መስከረም ላይ ይምጣ፣ እሸት ደርሶ ይጠብቀዋል» ብሎሃል።