ጠጅ ከአዝማሪ ጋር ወይስ ድራፍት ከጃዝ ጋር?

አዲስ አበባ ገብታችሁ ያላችሁ አንድ ምሽት ብቻ ከሆነ የቱ ይሻላል? የእኔ ሚዛን ወደ አዝማሪ ቤት ያደላል።

እዚያ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ብቻ የለም። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ፊታችሁ ይቆማል፤ ስማችሁን ይጠይቃል። ከዚያ ስለ ሸሚዛችሁም ስለ መላጣችሁም ግጥም ያወርዳል። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲወረውርለት እሷኑ ተቀብሎ ያዜማታል። ነገሩ ሰምና ወርቅ ስለሆነ አንዳንዱ ስድብ የሚገባችሁ ቤት ከደረሳችሁ በኋላ ነው። ሽልማት ግንባር ላይ ይለጠፋልና ዝርዝር ብር ያዙ። ጠጁ በብርሌ ይመጣል፤ ማር፣ ውሃና ጌሾ ነው። ለስላሳ፣ መካከለኛ ወይም ደረቅ ብላችሁ ታዛላችሁ። ጣፋጭነቱ ያታልላል፤ ደረቁን በባዶ ሆድ እንዳትሞክሩት!

ጃዝ ቤት ደግሞ ማንም አይሰድባችሁም። ሙላቱ አስታጥቄ የእኛን ቅኝቶች ከጃዝና ከላቲን ምት ጋር አዋህዶ ኢትዮ ጃዝን ፈጠረ፤ ዛሬም ወጣቶቹ በዚያው መንገድ ትዝታን በሳክስፎን ያስለቅሱታል። ድራፍቱ ቀዝቃዛ፣ ወንበሩ ምቹ ነው። ሂሳቡ ግን ጠንከር ይላል፤ መግቢያ የሚያስከፍሉም አሉ። አማርኛ የማይሰማ እንግዳ ከያዛችሁ ግን ያለ ጥርጥር ጃዙ ይሻላል፤ የአዝማሪን ቀልድ እየተረጎሙ ማምሸት አበሳ ነው።

ሁለቱም ካማራችሁ ከጃዙ ጀምሩ። አዝማሪ ቤት የሚሞቀው ከመሸ ነው። ድራፍትና ጠጅ ግን አትደባልቁ።