ኤን-80 ወይስ ኤል-80? የነዳጅ ጉድጓድ ቧንቧ ስትገዙ ፊደሏን እዩ

ከሁለት አቅራቢዎች ፕሮፎርማ መጣ እንበል። የሁለቱም ቧንቧ 9 5/8 ኢንች ነው፤ ክብደቱም እኩል። አንዱ «ኤን-80» ይላል፣ ሌላው «ኤል-80»። ኤን-80 ረከስ ይላል። ቁጥሩ አንድ ከሆነ ርካሹን እንውሰድ የሚል ሰው ከግዥ ክፍል አይጠፋም። ፊደሏ ግን ዝም ብላ አልተቀመጠችም።

መጀመሪያ ኬዚንግና ቱቢንግን እንለይ። ኬዚንግ የጉድጓዱን ግድግዳ ደግፎ የሚይዘው ነው። ዙሪያው በሲሚንቶ ይሞላና እዚያው ይቀራል። ቱቢንግ በኬዚንጉ ውስጥ ይወርዳል፤ ነዳጁ ወይም ጋዙ የሚወጣው በሱ ነው። ሲበላ ተስቦ ወጥቶ ይቀየራል። ስለዚህ ገንዘብ ካጠረ ቱቢንግ ላይ ቆጥቡ፣ ኬዚንግ ላይ አትቀልዱ። 4 1/2 ኢንች የሆነው ቧንቧ ደግሞ በሁለቱም ስም ይሸጣል። መጠኑን ብቻ ጽፎ ማዘዝ ጣጣ አለው።

ወደ ፊደሏ እንመለስ። በኤፒአይ 5ሲቲ (የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም ለጉድጓድ ቧንቧ ያወጣው) መስፈርት ቁጥሩ የሚናገረው ብረቱ ሲሳብ ቅርጹ ለዘለቄታው ሳይለወጥ ቢያንስ ስንት እንደሚችል ነው፤ 80 ማለት 80 ሺህ ፒኤስአይ (በካሬ ኢንች ፓውንድ)። ኤን-80 ከ80 እስከ 110 ሺህ ድረስ ሊሄድ ይችላል። ኤል-80 ግን ከ95 ሺህ እንዳያልፍ ተገድቧል። ድርቀቱም፣ ማለትም ሲጫኑት አልሰረጉድ ማለቱ፣ በሮክዌል ሲ መለኪያ ከ23 መብለጥ የለበትም።

ጠንካራ ብረት ምን አጠፋ? ጥፋቱ የሚመጣው ጉድጓዱ ውስጥ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲኖር ነው፤ ያ የገማ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ። ሃይድሮጅኑ ብረቱ ውስጥ ይሰርጋል። ደረቅ ብረት ይህን አይችልም፤ ሳይጎብጥ፣ ሳያስጠነቅቅ ይሰነጠቃል። የሚገርመው ደግሞ ቀዝቀዝ ሲል ይብሳል። ጉድጓዱ ሥራ ላይ እያለ ሞቆ የቆየ ቧንቧ፣ ጉድጓዱ ተዘግቶ ሲበርድ ሊጎዳ ይችላል። የእንፋሎት ኃይል ጉድጓዶችንም ይህ ጋዝ አያጣቸውም። ስለዚህ ጋዙ ካለ ኤል-80፤ በምርመራ እንደሌለ ከተረጋገጠ ኤን-80 ይበቃል፣ ተጨማሪ መክፈል ትርፍ ወጪ ነው። «ኤል-80 13 ክሮም» የሚባለው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የተሠራው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለሚበላው ጉድጓድ ነው፤ ውድ ስለሆነ ብቻ ለሁሉም መድኃኒት አይሆንም።

ጄ-55 እና ኬ-55ም እንዲሁ መንታ ይመስላሉ። ሁለቱም ከ55 እስከ 80 ሺህ ናቸው። ልዩነቱ እስኪበጠስ ድረስ ሲሳብ ነው፤ ጄ-55 ቢያንስ 75 ሺህ፣ ኬ-55 ቢያንስ 95 ሺህ ይችላል። ኬ-55 የኬዚንግ ብረት ነው። ቱቢንግ ከሆነ የምትፈልጉት ጄ-55ን ነው። «ኬ-55 ቱቢንግ» የሚል ፕሮፎርማ ከመጣላችሁ ስልክ አንሱ። ፒ-110 ለጥልቅና ለከባድ ጉድጓድ ነው፤ የገማ እንቁላል የሚሸት ቦታ ግን ለእኔ አይታሰብም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር፦ ክብደት። የ9 5/8 ኢንች ስፋት የሚለካው በውጭ በኩል ነው። ቧንቧው በከበደ ቁጥር ግድግዳው ወደ ውስጥ ይወፍራል። በፉት 47 ፓውንድ የሚመዝነው ውስጡ 8.681 ኢንች ነው፤ ውስጡ ክፍት መሆኑን ለማየት በሚሰደደው መደበኛ መፈተሻ ዘንግ 8.525 ኢንች ያሳልፋል። ስለዚህ 8 1/2 ኢንች መሰርሰሪያ ያልፍበታል፣ ለጥቂት። 53.5 ፓውንዱ ግን በመደበኛው ፈተና የሚያሳልፈው 8.379 ብቻ ነው። ያው መሰርሰሪያ ለማለፉ ዋስትና የለም ማለት ነው። 53.5 ካስፈለገ በ8.5 ኢንች ልዩ መፈተሻ የተፈተነ ይሁን ብላችሁ ትዕዛዙ ላይ ጻፉ። ይህችን አንድ መስመር የረሳ ሰው ሪጉ (መቆፈሪያ ማሽኑ) ቆሞ ኪራይ ሲቆጥርበት ያስታውሳታል።

ቧንቧዎቹ የሚገጣጠሙበት ጥርሱስ? ቱቢንግ ላይ ምርጫው ኤንዩ ወይም ኢዩኢ ነው። ኢዩኢ ጫፉ በውጭ በኩል ወፍሮ ስለሚሠራ መጋጠሚያው ከቧንቧው ሆድ አይደክምም። ኤንዩ ጫፉ ስላልወፈረ ጥርሱ ሲወጣለት ይሳሳል። ሁለቱ እርስ በርስ አይገጥሙም። 2 7/8 ኢንች ላይ 6.4 ፓውንድ ካያችሁ ኤንዩ ነው፣ 6.5 ካያችሁ ኢዩኢ፤ በአንድ አሃዝ የሚለያዩ ናቸውና ሳታዩ እንዳታልፉ። ከፍተኛ ግፊት ላለው ጋዝ ሁለቱንም ተዉትና ብረት ለብረት የሚዘጋ ጥርስ ጠይቁ።

ርዝመት ላይ ለእኛ አገር ገዢ የተለየ ነገር አለ። ሬንጅ 3 የሚባለው ከ34 እስከ 48 ፉት ይደርሳል፤ መጋጠሚያው ስለሚያንስ ቆፋሪዎች ይወዱታል። ግን 40 ፉት ኮንቴይነር ውስጡ 12 ሜትር ገደማ ነው። 48 ፉት ደግሞ 14.6 ሜትር። ከጅቡቲ በኮንቴይነር የሚመጣ ከሆነ ከ25 እስከ 34 ፉት ያለው ሬንጅ 2 ይሻላል።

ዕቃው ሲደርስ ቀለሙን እዩ። ጄ-55 አንድ አረንጓዴ ቀለበት አለው፣ ኬ-55 ሁለት። መደበኛው ኤን-80 አንድ ቀይ፣ ኤል-80 ቀይና ቡናማ። ፒ-110 ነጭ ነው። ቀለም ማንም ይቀባል፤ ስለዚህ ቧንቧው ላይ የተጻፈውን የቀልጦ ቁጥር (ብረቱ በየትኛው ዙር እንደቀለጠ የሚለየውን) ከፋብሪካው ሰርተፍኬት ጋር አስተያዩ። ካልገጠመ መኪናው ላይ እንዳለ ይቆይ።