ኤ55 ስልክ ወይስ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ? ደሴ ላይ ሁለቱንም ይዤ ከረምኩ

ሰሞኑን ያንኑ ጥያቄ ደጋግመው እየጠየቁኝ ነው። የቆየ ካሜራ ቤት ተቀምጧል፣ ሌንስ ልጨምርበት ወይስ ትቼው አሪፍ ስልክ ልግዛ? መልሴን ከፊት ላስቀድመው። ካሜራው ካላችሁ ሌንሱን ግዙ። ከሌላችሁ ግን ለሌንስ ብላችሁ ካሜራ ፍለጋ አትውጡ፣ ስልኩን ገዝታችሁ ተገላገሉ።

ስልኩ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ55 ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው። ሌንሱ ደግሞ ካኖን 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም፣ በ2015 የወጣ (የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሌንሱ በሰፊው ይከፈታል)። የምሰካው 700ዲ በሚባለው አሮጌ ካሜራዬ ላይ ነው።

ከብርሃን ልጀምር፤ ደሴ ላይ ትልቁ ጣጣ እሱ ነዋ። ክረምት ሲገባ የጦሳ ተራራ ከነአናቱ ጉም ውስጥ ይጠፋል፣ ገና በ9 ሰዓት ቤት ውስጥ አምፖል ይበራል። መብራት ካለ ማለቴ ነው። እናቴ ቤት ቡና ሲፈላ ፎቶ ማንሳት እወዳለሁ፣ ግን ከካሜራው ጋር የመጣው 18-55 ሌንስ እዚያ ክፍል ውስጥ ምንም አልፈየደልኝም። 50 ላይ ስታደርሱት ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። አዲሱ እስከ 1.8 ስለሚከፈት ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። በአንዲት አምፖልና በከሰሉ ፍም ብቻ፣ ያለ ፍላሽ፣ የእናቴ ፊት ከነሽብሽቡ ጥርት ብሎ ወጣ። እሷ ግን አልወደደችውም፤ "አስረጀኸኝ" አለች።

ስልኩም ጨለማ ላይ ቀላል አይደለም። የማታ ሁነታው ተከታታይ ምስሎችን አንስቶ አንድ ላይ ያዋህዳቸዋል፣ ዋናው ካሜራ ደግሞ የእጅ መንቀጥቀጥ ማረጋጊያ አለው። የተቀመጠ ሰው ላይ በጣም አሪፍ ነው። ፈንድሻ ሊዘግን የሚሮጥ ሕፃን ላይ ግን እጁ ጭስ መስሎ ይወጣል፤ ይሄ የየትኛውም ስልክ ጉዳይ ነው፣ ማረጋጊያው የኛን እጅ እንጂ የሕፃኑን ሩጫ አያቆምም። ሌንሱ በተቃራኒው ማረጋጊያ የለውም። ሹተሩን፣ ማለትም ለብርሃን የሚከፈተውን መጋረጃ፣ ከሰከንድ 1/80ኛ ባታዘገዩት ጥሩ ነው።

የጀርባ ብዥታ የሚባለውንም ልንገራችሁ። ስልክ የሰውየው ጠርዝ የት እንደሚያበቃ በሶፍትዌር ይገምታል። አጭር ፀጉር ላይ ግምቱ ይሳካል፤ አፍሮ ወይ የነጠላ ዘርፍ ሲመጣ ግን አንዳንዴ ግማሹን ይቆርጠዋል። ሌንሱ አይገምትም፣ ብርሃኑ ራሱ ነው እንደዚያ የሚያደርገው። ግን እሱም ያሳፍራል፦ 1.8 ላይ ከፍታችሁ በሁለት ረድፍ የቆመ ቤተ ዘመድ ብታነሱ ፊት ያሉት ጥርት ብለው ከኋላ ያሉት አጎቶች ይደበዝዛሉ። ኤፍ 4 ወይም 5.6 ላይ አድርጉት፣ የአጎት ኩርፊያ ከባድ ነው።

ሌላው የሌንሱ ችግር ጥበቱ ነው። እንደኔ ባለ ካሜራ ላይ እንደ 80 ሚሊ ሜትር ነው የሚሆነው፣ ማለትም የሚያየው ቦታ ይበልጥ ይጠባል፣ ዙም የሚባል ነገርም የለውም። የጎረቤት ኒካህ ላይ ሁሉንም ሰው ላስገባ ብዬ ወደ ኋላ ስሄድ ጀርባዬ ግድግዳ ነካ፣ ከዚያ በሩ ላይ ደረስኩ፣ በመጨረሻ ከደጅ ሆኜ በመስኮት አነሳሁ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን አይጠየፍ አዳራሽ በዚህ ሌንስ ከውስጥ ላንሳ ማለት ልፋት ነው። ስልኩ ባለ 12 ሜጋፒክስል ሰፊ ካሜራ ስላለው አንድ ቦታ ቆማችሁ ትጨርሳላችሁ።

አየሩ ሌላ ታሪክ ነው። ስልኩ አይፒ67 ስለሆነ ዝናብ አያስፈራውም። ካሜራዬ ግን ፌስታል ይጠይቃል። ኮምቦልቻ የምትወርዱ ደግሞ ይቺን ያዙ፦ ከደሴ ብርድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ ሙቀት ውስጥ ካሜራውን ድንገት ካወጣችሁት ሌንሱ ላብ ያወጣል። ቦርሳው እንደተዘጋ ትንሽ አቆዩትና ክፈቱት። እኔ መጀመሪያ ጊዜ የተበላሸ መስሎኝ በሸሚዜ ስጠርገው ነበር፣ እሱም ሌላ ጥፋት።

ክብደትስ? ስልኩ 213 ግራም ነው። ሌንሱ 160 ብቻ ነው፣ ካሜራው ግን ከነባትሪው 580። ሙጋድ ገበያ መሐል አንገት ላይ ካሜራ አንጠልጥሎ መዞር ዓይን ይስባል፣ ስልክ ግን ማንም ልብ አይለውም።

ፎቶ ማድረስ ላይ ስልኩ ያለ ጥያቄ ያሸንፋል። የኔ ካሜራ ዋይፋይ የለውም። ካርድ ሪደር ፈልጌ፣ መርጬ፣ ልኬ እስክጨርስ ሙሽሮቹ መልስ ጠርተው ይጨርሳሉ። ከሁለቱም ስትልኩ ቴሌግራም ላይ እንደ ፋይል ላኩ፣ አለበለዚያ ጥራቱን ይቀንሰዋል። እውነቱን ለመናገር ቀን፣ ደጅ የተነሣ ፎቶ በስልክ ስክሪን ላይ ሲታይ የቱ ከየቱ እንደሆነ እኔም ይምታታብኛል። ልዩነቱ የሚታየው አሳጥባችሁ፣ አስፍታችሁ ግድግዳ ላይ ስትሰቅሉ ነው።

ዋጋ አልጠራም፣ በየጊዜው ስለሚቀያየር ዛሬ የጻፍኩት ነገ አይሠራም። ሌንሱ ግን ከስልኩ በብዙ ይረክሳል፤ ሲወጣ አሜሪካ 125 ዶላር ነበር። የስልኩ ካርቶን ውስጥ ቻርጀር እንደማይኖር አስባችሁ ሒሳቡን ሥሩ፣ ባለ 25 ዋት ይበቃዋል።

ሌንስ ስላሽ (ያገለገለ) የምትገዙ ከሆነ ባትሪ ወይ የስልክ መብራት ይዛችሁ ሂዱ። ከኋላ አብርታችሁ በፊት በኩል እዩት። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፣ እርጥበት ባለበት አገር በተዘጋ ቁምሳጥን የከረመ ሌንስ ላይ ይወጣል። አሁን የያዝኩት ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያውን የገዛሁት መብራት በጠፋበት ማታ ነበር፣ ጠዋት ወደ መስኮት ሳዞረው ድሩን አየሁት፣ ሻጩም መልሶ አልወሰደልኝም። እስካሁን መሳቢያ ውስጥ አለ።