ስታርፊልድን ለመግዛት ያሰባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

የጠፈር ቪዲዮ ጌሙ ስታርፊልድ በቅናሽ በወጣ ቁጥር «ከ1,000 በላይ ፕላኔቶች» የሚለውን አይቶ ቶሎ ብሎ የሚከፍል አይጠፋም። የፕላኔቶቹ ቁጥር ውሸት አይደለም። ጣጣው ያለው ጌሙ ለድካማችሁ በሚከፍላችሁ ነገር ላይ ነው። ክፍያው ምን እንደሚመስል የሚገባችሁ ደግሞ ገንዘብ ማስመለሻው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው።

ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጌም መደብር ላይ ሪፈንድ የሚፈቀደው በገዛችሁ በ14 ቀን ውስጥ፣ ያውም ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወታችሁ ነው። የስታርፊልድ የመጀመሪያ 2 ሰዓት የሚያልቀው በማዕድን ማውጫው፣ ገጸ ባሕሪ በመፍጠሩ፣ ክሪት በተባለችው ጨረቃ ላይ ከወንበዴዎቹ ጋር በሚደረገው ውጊያና የኒው አትላንቲስን ከተማ በመዞር ነው። ይህ ክፍል በእጅ የተሠራ ነው፣ ያምራልም። ዋናው ሽልማት የሆነው፣ ልዩ ኃይል የሚሰጠው የመጀመሪያው ቤተ መቅደስ ግን የሚመጣው «ኢንቱ ዘ አንኖውን» በሚባለው ተልእኮ ነው። ዙሪያ ገባውን ትቶ ታሪኩን ብቻ ለሚከተል ሰው እንኳ ያኔ 2ቱ ሰዓት አልፏል።

ቤተ መቅደሱ የሚሄደው እንዲህ ነው። ዘ አይ በተባለው የጠፈር ጣቢያ ላይ ያለው ቭላድሚር ቦታ ይጠቁማችኋል። ፕላኔቱ ላይ ታርፉና ስካነር ከፍታችሁ ምስሉ ወደሚረበሽበት አቅጣጫ ትጓዛላችሁ። በሩን ስታልፉ ስበት ይጠፋል፤ መሃል ላይ ቀለበቶች ይሽከረከራሉ፤ አየሩ ላይ የብርሃን ነጠብጣቦች ብቅ ይላሉ። እየተንሳፈፋችሁ ብርሃኖቹን ትነካላችሁ፣ ቀለበቶቹ ይፈጥናሉ፣ በመጨረሻ መሃላቸው ገብታችሁ ኃይል ትቀበላላችሁ። ስትወጡ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ስታርቦርን (ከሌላ ዩኒቨርስ የመጣ ባለ ኃይል ተዋጊ) ደጅ ላይ ይጠብቃችኋል፣ ትዋጉታላችሁ። የመጀመሪያው በእርግጥ ያስደምማል። ሁለተኛውም ያው ነው፤ ሃያኛውም ያው ነው። ክፍሉም፣ ቀለበቱም፣ ብርሃን እያሳደዱ መንሳፈፉም አይለወጥም።

አሁን ሂሳቡን አስሉት። ኃይሎቹ 24 ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 10 ደረጃ አላቸው። ጌሙ በ2023 ሲወጣ በነበረው አሠራር በአንድ ዩኒቨርስ ውስጥ አንድ ኃይል ከአንድ ደረጃ በላይ አያድግም ነበር። ቀጣዩን ደረጃ ለማግኘት ታሪኩን ጨርሳችሁ ዩኒቲ በተባለው የዩኒቨርስ መሸጋገሪያ አልፋችሁ፣ አዲስ ዩኒቨርስ ገብታችሁ፣ ያንኑ ብርሃን እንደገና ማሳደድ ነበረባችሁ። ሁሉንም ኃይል እስከ 10 ለማድረስ ዩኒቲን 9 ጊዜ ማለፍና ወደ 240 ጊዜ ገደማ ያንኑ ክፍል መግባት ማለት ነበር። በረራው፣ ሎዲንጉና ውጊያው ተደምሮ አንዱ 10 ደቂቃ ቢወስድ እንኳ 40 ሰዓት ይሆናል። ታዲያ ብዙዎቹ ኃይሎች ከደረጃ ወደ ደረጃ ሲያድጉ የሚጨምሩት ትንሽ ጉዳት ወይም ትንሽ ቆይታ ነው፤ አጨዋወታችሁን የሚለውጥ ነገር አይደለም።

ዩኒቲ ራሱም በነጻ አያሳልፍም። ጌሙ ሲወጣ በነበረው አሠራር ክሬዲታችሁ (የጌሙ ገንዘብ)፣ መርከቦቻችሁ፣ የገነባችሁት ጣቢያ፣ መሣሪያና ልብሳችሁ ሁሉ ይቀር ነበር። አብረዋችሁ የሚሻገሩት ሌቭላችሁ፣ ስኪላችሁና ኃይሎቻችሁ ነበሩ። በምትኩ የስታርቦርን መርከብና ልብስ ይሰጣችኋል፤ ዙሩ ሲጨምር እነሱም ይሻሻላሉ። ይሁንና መርከቧን ሞጁል እየቀያየራችሁ እንደ ሌሎቹ መሥራት አትችሉም። መርከብ መሥራቱ ደግሞ ብዙ ሰው ከጌሙ የሚወደው ክፍል ነው። ሽልማቱ የሚወሰድባችሁ ከምትወዱት ነገር ላይ ነው ማለት ነው፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

የመሣሪያውም ነገር ከዚህ የተሻለ አይደለም። አንድ ጠመንጃ ሁለት መለኪያ አለው፣ ብዙ ጀማሪም እዚህ ላይ ይታለላል። አንደኛው ቀለሙ ነው፤ ሰማያዊው 1፣ ሐምራዊው 2፣ ወርቃማው 3 ተጨማሪ ባሕርይ ይይዛል። ሁለተኛው ከስሙ ፊት የሚመጣው ቃል ነው፤ መጀመሪያ ምንም ቅጽል የሌለው፣ ከዚያ ካሊብሬትድ፣ ሪፋይንድ፣ በመጨረሻ አድቫንስድ። ጉዳቱን በዋናነት የሚወስነው ሁለተኛው ነው። ጌሙ በ2023 ሲወጣ በነበረው አሠራር የሥራ ጠረጴዛው ላይ ሞድ (ተገጣጣሚ ማሻሻያ) መጨመር እንጂ ይህን እርከን ማሳደግ አይቻልም ነበር። ስለዚህ በዝቅተኛ ሌቭል ያገኛችሁት ወርቃማ መሣሪያ ከጥቂት ሌቭል በኋላ ቀለም በሌለው አድቫንስድ ይበለጣል። ለልዩ መሣሪያ ብላችሁ መጀመሪያ ላይ አትድከሙ።

ፕላኔቶቹስ? መሬቱ በኮምፒውተር የሚፈጠር ነው፣ ላዩ ላይ የሚቀመጡት ሕንጻዎች ግን በቁጥር የተወሰኑና በእጅ የተሠሩ ናቸው። አንድ የክራዮ ላብራቶሪ ካያችሁ ሌላ ኮከብ ዙሪያ ያው ላብራቶሪ ይገጥማችኋል፤ ሬሳው እዚያው ጥግ ወድቆ፣ ማስታወሻው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ።

ስኪል ለማሳደግ ነጥብ ብቻ አይበቃም፣ ፈተናም መጨረስ አለባችሁ። 82 ስኪሎች እያንዳንዳቸው 4 ደረጃ ስላላቸው በድምሩ 328 ነጥብ ነው፤ በአንድ ሌቭል የምታገኙት 1 ነጥብ ነው። ከፈተናዎቹ አንዳንዱ ጨዋታ ሊባል አይገባውም። ፊትነስን ወደ ሁለተኛው ለማሳደግ ኦክስጅናችሁን 20 ጊዜ አሟጥጣችሁ መጨረስ አለባችሁ፤ ማለትም ሜዳ ላይ ወዲያ ወዲህ መሮጥ። ፓይለቲንግ ግን የሚያዋጣ ነው፤ 5፣ 15፣ 30 መርከብ ስታጠፉ ደረጃው ያድጋል፣ 3ኛው ክላስ ቢ፣ 4ኛው ደግሞ ከሁሉ ከፍ ያለውን ክላስ ሲ መርከብ ይከፍታል። በኒው አትላንቲስ የቫንጋርድ (የበጎ ፈቃደኞች የጠፈር ጦር) መግቢያ ሲሙሌሽን ውስጥ የምትመቷቸው መርከቦችም ስለሚቆጠሩ እዚያ ጨርሱት። እዚያ መርከባችሁ ቢወድምም የምታጡት ነገር የለም።

ገንዘብ ላይ ማነቆው የነጋዴው ኪስ ነው። አብዛኛው ነጋዴ 5,000 ክሬዲት ገደማ ብቻ ይዞ ይጠብቃችኋል፣ ከሸጣችሁለት በኋላ እስኪሞላለት 48 ዩኒቨርሳል ሰዓት (በጌሙ ውስጥ ለሁሉም ቦታ የጋራ የሆነው ሰዓት) ይፈጃል። መፍትሔው ቬነስ ላይ መተኛት ወይም ወንበር ላይ መጠበቅ ነው፤ እዚያ 1 የአካባቢ ሰዓት 100 ዩኒቨርሳል ሰዓት ስለሆነ በአንድ ጊዜ የሁሉም ነጋዴ ኪስ ይሞላል። (ቁጭ ብሎ ሰዓት ማሳለፍ የኢኮኖሚው ዋና ዘዴ የሆነበት ጌም ስለ ራሱ ብዙ ይናገራል።) የወንበዴ መርከብ ማርኮ ሀብታም መሆን የሚመስላችሁም ተጠንቀቁ። ለመሸጥ መጀመሪያ ማስመዝገብ ግድ ነው፣ የምዝገባው ክፍያም የመርከቧን መሸጫ ዋጋ አብዛኛውን ይበላዋል።

እንዲህ ያለ አሰልቺ ድግግሞሽ ሊስተካከል እንደሚችል ኤሊት ዴንጀረስ የተባለው ሌላ የጠፈር ጌም አሳይቷል። እዚያ የመርከብ ማሻሻያው እስከ 2018 ድረስ ዕጣ ነበር፣ ማቴሪያል ከፍላችሁ የባሰ ውጤት ልታገኙ ትችሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የከፈላችሁት ሁሉ ወደፊት ብቻ የሚያስኬድ ሆኗል። ስታርፊልድም በነሐሴ 2024 መኪና ጨምሮ ሩጫውን አሳጥሮታል፤ ይህ ግን ወደ ቤተ መቅደሱ መድረሻውን እንጂ ውስጡን አይለውጥም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የቅርቡን አፕዴት ዝርዝር ክፈቱና ስለ ቤተ መቅደስና ስለ ኃይሎች የተጻፈ ለውጥ እንዳለ ፈልጉ። ስለ ግራፊክስና ስለ ስህተት ማረሚያ የተጻፈው ለዚህ ጉዳይ አይጠቅምም።

መሞከር ከፈለጋችሁ ጌም ፓስ በተባለው የማይክሮሶፍት ወርኃዊ የጌም አገልግሎት የአንድ ወር ክፍያ ሞክሩት እንጂ በሙሉ ዋጋው አትጀምሩ። ታሪኩን ብቻ ይዛችሁ ሦስተኛው ቤተ መቅደስ ድረስ ሂዱ፤ ሦስተኛው ላይ ከሰለቻችሁ ቀሪው የሚጨምርላችሁ ነገር የለም። የገዛችሁት ደግሞ የአንጃ ታሪኮቹን፣ በተለይ የቫንጋርዱንና የወንበዴዎቹን የክሪምሰን ፍሊትን፣ በመጀመሪያው ዩኒቨርስ ጨርሱ፤ በጽሑፍ ረገድ የተሻለው ክፍል እዚያ ነው። ኃይሎችን ሁሉ አትሰብስቡ። ከባድ ጭነት ተሸክማችሁ ኦክስጅን እንዳይፈጅባችሁ የሚያደርገው ፐርሰናል አትሞስፊር ይበቃል። ዕቃ የምታከማቹት በኒው አትላንቲስ ባለው የቡድናችሁ ማደሪያ፣ በሎጁ ምድር ቤት ያለው ካዝና ውስጥ ይሁን፤ ወሰን የለውም። ወደ ዩኒቲ ከመግባታችሁ በፊትም ለብቻው ሴቭ አድርጉ፣ መርከባችሁን ልትፈልጉት ትችላላችሁና። በ2024 በ30 ዶላር የወጣው ተጨማሪ ክፍል ሻተርድ ስፔስ አዲስ ታሪክና በእጅ የተሠራ አካባቢ ይዟል፤ የሰለቻችሁ ቤተ መቅደሱ ከሆነ ግን ለሱ ብላችሁ አትጨምሩ።