ቦቴ የማይገባበት ጉራንጉር ለምትኖሩ፦ እነዚህን ወጣቶች ጥሩ

ይህን ምስጋና ሦስት ወር አዘገየሁት። ጉዳዩ የሽንት ቤት ስለሆነ አፍሬ ነበር።

መንገዳችን ሁለት ሰው ጎን ለጎን ስለማያሳልፍ የፍሳሽ ማንሻ ቦቴ አይደርስልንም። ጉድጓዳችን ሞልቶ መገንፈል ሲጀምር ሌሎች ሰዎች ጠርተን ነበር። በሌሊት ቀድተው ሄዱ፤ ጠዋት ስንነሳ የቀዱትን በሙሉ፣ ልጆች በሚጫወቱበት ቦይ ደፍተውት አገኘነው። ከፍለን ከጓሮ ወደ ደጃፍ አስመጣነው።

በማኅበር የተደራጁት እነዚህ ወጣቶች ግን መጀመሪያ የፈለጉት ጎረቤቶቻችንን ነው። የእኛን ብቻ ቢያነሱ የታችኛው ቤት ጉድጓድ ሲፈስ ተመልሰን እዚያው እንደምንገኝ አስረዱን። 24 አባወራ ተሰብስበን አዋጣን፣ ገንዘብ ያዥ መረጥን፤ ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ቦቴውን ዋናው መንገድ ላይ አቆመልን። ኋላ ሳነብ በ1980 እ.ኤ.አ. በፓኪስታን፣ በካራቺ ከተማ ኦራንጊ ሰፈር፣ የማኅበረሰብ ልማት ባለሙያው አክታር ሐሚድ ካን የጀመሩት ሥራ ከዚህ ጋር እንደሚመሳሰል አየሁ፦ ከ20 እስከ 30 ቤት ያለው ጉራንጉር የራሱን የፍሳሽ መስመር በመዋጮ ይዘረጋል፣ ዋናውን መስመር መንግሥት ይሠራል።

ሥራቸውን ቆሜ አየሁ። መጀመሪያ በረጅም ሜንጦ ቆሻሻውን አወጡ፤ ጨርቅ፣ ጠርሙስ፣ ዓመት ሙሉ የፈለግነው የልጄ ጫማ። እነዚህ ካልወጡ ፓምፑን ይደፍኑታል። ከዚያ ጋልፐር በሚባለው የእጅ ፓምፕ ዝቃጩን ክዳኑ ወደሚጠብቅ በርሜል ቀዱ፣ በጋሪም ወደ ቦቴው ወሰዱት። ጉድጓድ ውስጥ ማንም አልወረደም። "ለምን ወርዳችሁ በአካፋ አትጨርሱትም?" ብዬ ስቸኩል አንደኛው፣ "የጉድጓዱ ጋዝ መጀመሪያ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፣ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ብለን ስንደሰት ነው የሚገድለን፣ እትዬ" አለኝ። ከዚያ በኋላ ዝም አልኩ። ሲጨርሱ የተንጠባጠበውን ሁሉ በክሎሪን አጠቡት።

ቅሬታዬ አንድ ነው፦ ጠዋት ሁለት ሰዓት ብለው አምስት ሰዓት መጡ። ይታረም።

ሌላ ሰው የምትቀጥሩም ከሆነ ከዋጋው በፊት የት እንደሚደፉት ጠይቁ። እነዚህ ሳንጠይቃቸው የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያውን ደረሰኝ በማግስቱ አምጥተው ለገንዘብ ያዣችን ሰጡ። አድራሻቸውም እሷ ጋር አለ።